«ከተቻለ» ብላችሁ ክፍል አትጠይቁ

ሪዞርት በኢንተርኔት አስይዛችሁ የምታውቁ ከሆነ ያቺን ሳጥን ታውቋታላችሁ። ስም፣ ስልክ፣ የመግቢያ ቀን፣ የመውጫ ቀን፣ የአዋቂ ብዛት፣ የልጅ ብዛት ሞልታችሁ ስትጨርሱ ከታች ብቅ ትላለች፦ «ልዩ ጥያቄ ካለዎት እዚህ ይጻፉ»። ከሥሯ በደቃቅ ፊደል ጥያቄዎን ለማሟላት እንሞክራለን፣ ዋስትና ግን አንሰጥም የሚል ነገር አለ። ቃላቱ ከድረ ገጽ ድረ ገጽ ይለያያሉ፣ ሐሳቡ ያው አንድ ነው። በስልክ ወይ በቴሌግራም ከሆነ የምታስይዙት (አብዛኞቻችን እንደዛ ነው የምናደርገው) ሳጥኗ በሰው ትተካለች፦ «እሺ የኔ እህት፣ ችግር የለም፣ ኖት አድርገነዋል።»

የእኔ ጸብ ከዚህች ሳጥን ጋር ነው።

ሰው እዛ ውስጥ ምን ይጽፋል? አንዱ «ጫጉላ ላይ ነን፣ አልጋው ላይ አበባ ይበተንልን» ይላል። ሌላው «ፀሐይ ስትጠልቅ የሚታይበት ክፍል» ይላል። ሦስተኛዋ «የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ፣ በሩ ወደ ገንዳው የሚከፈት ክፍል እንዳይሆን» ትላለች። ሦስቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፣ ሦስቱም «ልዩ ጥያቄ» ይባላሉ፣ ሦስቱም እኩል ዋስትና የላቸውም። አበባው ባይበተን ሙሽሮቹ ትንሽ ቅር ይላቸዋል። የሦስተኛዋ ካልተሟላ ሊሆን የሚችለውን መጻፍ ራሱ ይከብደኛል። ደስ እንዲለኝ የምጠይቀውና ልጄ እንዳይሞት የምጠይቀው በአንድ ስም የሚጠሩበት ሲስተም በደንብ አልታሰበበትም ማለት ነው። ሶፍትዌር መሥራት እንጀራዬ ስለሆነ ይህን የምለው ሳልፈራ ነው።

«ኧረ አታጋንኚ» የሚል አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 ብቻ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው በውሃ ሰጥሞ ሞቷል፤ ከነዚህ ሩብ ገደማው አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ውሃ ውስጥ የወደቀ ሕፃን ደግሞ ፊልም ላይ እንደምናየው አይጮህም፣ እጁን አያወናጭፍም። አፉ ውሃ ውስጥ ሆኖ ድምፅ ከየት ያመጣል? እናት ስልክ አንስታ «ሃሎ» ብላ እስክትዘጋ ባለው ጊዜ ውስጥ በጸጥታ ያልቃል። ለዚህ ነው ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ያወጣችው ሕግ መሬት ውስጥ የተሠራ የግል ገንዳ ያለው ሰው ሁሉ፣ ሆቴልና የኪራይ ቤትም ጭምር፣ ከአራቱ አንዱን እንዲያደርግ ያስገደደው፦ አጥር፣ ማስጠንቀቂያ ደወል፣ ጠንካራ መሸፈኛ ወይም ገንዳውን የሚያለብስ ቤት። በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን መመሪያም የገንዳ አጥር ቢያንስ 122 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እንዲኖረው፣ በሩም ራሱ የሚዘጋና ራሱ የሚቆለፍ እንዲሆን ይመክራል።

አሁን ወደ እኛ ሪዞርቶች ኑ። እስካሁን የሄድኩባቸው ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ናቸው። ገንዳው ውብ ነው፣ ሣሩ ተከርክሟል፣ ጃንጥላው ተዘርግቷል። አጥር ያለው ገንዳ አንድም አላየሁም። ቢሾፍቱ ላይማ ነገሩ ገንዳ ብቻም አይደለም። ባቦጋያን የመሰሉት ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆኑ ዳራቸው ገደል ነው፤ ክፍሎቹ ገደሉን ተከትለው እየወረዱ የተሠሩ ስለሆኑ ደረጃው አያልቅም። እንዲህ ባለ ቦታ በልጄና በውሃው መካከል ያለው ብቸኛ አጥር የክፍሌ በር ነው። ክፍሉ የት እንዳለ፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ መቆለፊያው ምን ያህል ከፍ እንደሚል መጠየቅ እንግዲህ ቅምጥልነት ሳይሆን አጥር መጠየቅ ነው። ሪዞርቱ ያልሠራውን አጥር።

እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁና ወደ ነገሩ ልመለስ። ስሙን የማልጠራው ሐይቅ ዳር ያለ ሪዞርት ነው፤ ጊዜው ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ሐሙስና አርብ ሌሊት። በስልክ ጠየቅሁ፣ እሺ ተባልኩ። በቴሌግራም ደግሜ ጻፍኩ፣ የአውራ ጣት ምልክት መጣልኝ። ቅድሚያ ክፍያውን ላክሁ። ስንደርስ የተሰጠን ክፍል የመስታወት በሩ ተንሸራቶ የሚከፈት፣ ከደጃፉ እስከ ገንዳው አሥራ አንድ እርምጃ (ቆጥሬዋለሁ)፣ መቆለፊያው ደግሞ የልጄ ደረት ጋ። ቤት ውስጥ የቁም ሳጥን ተንሸራታች በር መክፈት የሚወድ ልጅ ነው። ማናጀሩ ተጠርቶ መጣ፤ ሰውዬው ጨዋ ነው፣ አልተቆጣም። «እህቴ፣ ጥያቄ እኮ ነው የተባለው፣ ግዴታ አይደለም። ሁሉም ተይዟል» አለኝ።

ሻንጣችንን በሩ ላይ ደገፍን። ከሻንጣው ፊት ጠረጴዛ ገፋን። ከዛ እኔና ባለቤቴ ተራ ገባን። ማረፍ ብለን በከፈልነው ገንዘብ ሁለት ሌሊት ዘብ አደርን ማለት ነው።

የሚያቃጥለው ግን ይሄ አይደለም። ጠዋት ቁርስ ላይ ፍርፍር ሰልፍ ውስጥ ከአንዲት ሴት ጋር ወሬ ጀመርን። ለሥልጠና ነው የመጡት፤ አንገታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ ሰላሳ የሚሆኑ ሰዎች። እሷ የደረሳት ከኋላ በኩል ያለ፣ ከገንዳው በሕንፃ የተከለለ ክፍል ነው። «ሐይቁ እንኳ አይታይም፣ ምን ዋጋ አለው» ብላ አማረረች። እኔ የለመንኩትን ክፍል እሷ ትጠላዋለች፣ እሷ የምትመኘው ክፍል ውስጥ እኔ በሬን በጠረጴዛ ዘግቼ አድራለሁ። ተያይዘን ሪሴፕሽን ሄድን፣ እንቀያየር አልን። «የግሩፕ ሊስት ስለሆነ መንካት አይቻልም» ተባልን። ለማስተካከል አምስት ሳንቲም አያስወጣም ነበር። ክፍሉ ነበረ፣ ቀያሪዋ ነበረች፣ ፈቃዱ ነበረ። ያልነበረው መረጃው ቀድሞ ትክክለኛው ቦታ ላይ መቀመጡ ብቻ ነው።

ትክክለኛው ቦታ ስል ምን ማለቴ ነው? ከዚህ ወዲያ ትንሽ የሙያ ወሬ ነው፣ ታገሱኝ።

አንድ ሪዞርት ክፍል ሲሸጥ የሚሸጠው ቁጥር 14ን ወይም ቁጥር 22ን አይደለም። የሚሸጠው «ስታንዳርድ» ወይም «ዴሉክስ» የሚባል ዓይነት ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ቆጠራ ነው፦ ስታንዳርድ 24 አለ፣ ለአርብ 19 ተሸጧል፣ 5 ይቀራል። እናንተ ስታስይዙ 5ቱ 4 ይሆናል፣ አለቀ። የትኛው ክፍል እንደሚደርሳችሁ የሚወሰነው ብዙውን ጊዜ ከመድረሳችሁ አንድ ቀን በፊት ወይ በዕለቱ ጠዋት፣ የፊተኛው እንግዳ ከወጣና ክፍሉ ከጸዳ በኋላ ነው። የእናንተ ጥያቄ ደግሞ ከማስያዣ ድረ ገጹ ወደ ሆቴሉ ሲስተም የሚጓዘው እንደ ተራ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። «24 ስታንዳርድ አለ» የሚለውን ኮምፒውተር ያውቃል፤ «ከገንዳው የራቀ ቢሆንልን» የሚለውን ግን የሚያውቀው እንደ ፊደል ክምር ነው። አይደምረውም፣ አይቀንሰውም፣ ክፍል አይዝበትም። የሆነ ሰው በሆነ ሰዓት ከፍቶ እስኪያነበው ይጠብቃል። ያ ሰው ደግሞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ እያነሳ፣ ቁልፍ እየተቀበለ፣ ከሃውስኪፒንግ ጋር እየተጨቃጨቀ ነው።

የሠራሁባቸው ሲስተሞች ሁሉ «ማስታወሻ» ወይ «ሪማርክ» የምትባል አምድ ነበረቻቸው። ባለሙያዎቹ ቸኩለን «እሱን ማስታወሻው ላይ ይጻፉት» ስንል ማንም አያየውም ማለታችን ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ትንሽ ሆቴል ሌላ ሰው የሠራውን ሲስተም እንዳስተካክል ተጠርቼ ነበር። በየጠዋቱ የሚታተመው የገቢ እንግዶች ዝርዝር ላይ ከማስታወሻው የሚታየው የመጀመሪያው 40 ፊደል ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ስለማይበቃ ቀሪው ይቆረጣል። አሁን አንድ ጨዋ ኢትዮጵያዊ እንዴት እንደሚጽፍ አስቡ፦ «ሰላም ጤና ይስጥልኝ እንደምን ናችሁ እባካችሁ ከተቻለ ትንሽ ልጅ ስላለን ከገንዳው የራቀ ክፍል ብታደርጉልን»። ቁጠሩት። ክፍት ቦታውን ጨምሮ 40ኛው ፊደል ላይ ሲቆረጥ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው «ሰላም ጤና ይስጥልኝ እንደምን ናችሁ እባካችሁ ከተቻለ ትንሽ ልጅ» ነው። ሪሴፕሽኒስቱ እንግዶቹ ትንሽ ልጅ እንዲዘጋጅላቸው የጠየቁ ቢመስለው አይፈረድበትም። ጨዋነታችን ጥያቄያችንን በላው።

ለሆቴሎች ፍትሐዊ ልሁን። ክፍል ቁጥር ቀድመው የማይሰጡት ከስንፍና ብቻ አይደለም፣ ጠንካራ ምክንያት አላቸው። ሁለት ክፍል ብቻ ያለው ሪዞርት አስቡ። አልማዝ አርብ ማታ ብቻ ታድራለች፣ በቀለ ቅዳሜ ማታ ብቻ፣ ጫልቱ ሁለቱንም ሌሊት። በየሌሊቱ ሁለት ሰው፣ ሁለት ክፍል፤ ልክ ነው። አሁን አልማዝ «ክፍል 1 ካልሆነ» ብላ፣ በቀለ ደግሞ «ክፍል 2 ካልሆነ» ብሎ ቀድመው ተስማምተዋል እንበል። ጫልቱ አርብ ክፍል 2 አድራ ቅዳሜ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ክፍል 1 መዞር አለባት። ማንም ቁጥር ባይመርጥ አልማዝና በቀለ አንዱን ክፍል ይቀባበሉ ነበር፣ ጫልቱም በሰላም ትተኛ ነበር። ይሄ ትክክለኛ ሒሳብ ነው፤ ክፍሉ 100 ሲሆንማ ጣጣው ይበዛል። ሆቴል «ቁጥር አንሰጥም» ሲል የሚጠብቀው ይህን ነፃነት ነው።

ግን እኔ ቁጥር መቼ ጠየቅሁ? እኔ የጠየቅሁት ዓይነት ነው። ከ24ቱ ስታንዳርድ 8ቱ ከሕንፃው ኋላ፣ ከውሃው የተከለሉ ከሆኑ፣ እነዛን 8 ለብቻ ቁጠሯቸው። በ8ቱ መካከል ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፤ ሆቴሉ እንደፈለገ ሲያቀያይር ይኑር። «ታዲያ 8ቱ ባይሸጡስ፣ ባዶ ሊያድሩ ነው?» አያድሩም። 16ቱ የፊት ክፍሎች ተሸጠው ሲያልቁ የኋላዎቹን ለመጣው ሁሉ ሽጡ። እስከዛ ድረስ ግን ሐይቅ ማየት ለሚፈልግ ሠልጣኝ አትስጡብኝ። ይህን ለማድረግ ብልህ ሶፍትዌር አያስፈልግም። አንድ ተጨማሪ አምድ ነው፣ አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚቀበል። ኤክሴል ይበቃል። ኤክሴል የሌለው ሪዞርት ደብተሩን በቀይ እስኪርቢቶ ለሁለት ይክፈለው።

ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ የሆቴል ማስያዣን የሚመለከተው ደንብ ግን ተሻሽሎ ሥራ ላይ የዋለው መጋቢት 15 ቀን 2012 ነው። ደንቡ ምን ይላል መሰላችሁ፦ አካል ጉዳተኛ እንግዳ የሚመቸውን ክፍል ሲያስይዝ ሆቴሉ ያንን ክፍል ከማስያዣ ሲስተሞች ሁሉ ላይ ያነሣዋል፣ ያስያዘው እንግዳ እስኪመጣም ይጠብቀዋል። ከዛም በላይ፣ እንዲህ ያሉት ክፍሎች የዓይነታቸው ሌሎች ክፍሎች ተሸጠው እስኪያልቁ ድረስ ለሌላ አይሰጡም። ቅድም ስለ 8ቱ ክፍሎች ያልኩት ቃል በቃል ይሄው ነው። ትንሽ ልጅ ያለው ቤተሰብና አካል ጉዳተኛ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ አካል ጉዳተኛው መብቱን ያገኘው ታግሎ ነው፣ ትግሉም የራሱ ነው። እያልኩ ያለሁት «ሲስተሙ አይችልም» የሚለው ሰበብ ከዛ ቀን ጀምሮ ሞቷል ነው። ሲስተሙ ሲገደድ ችሏል። ሂልተን ደግሞ ማንም ሳያስገድደው እ.ኤ.አ. በ2021 በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎችን ስታስይዙ ወዲያው የሚያረጋግጥ አሠራር ጀመረ። ለስንት ዓመት «እንሞክራለን» ሲባል የኖረ ጥያቄ አንድ ቀን አዝራር ሆነ።

እኛ ሀገር ጉዳዩ ላይ የራሳችን ቅመም አለበት። የማስያዣ ፎርሞቹን የጻፏቸው ሰዎች በልባቸው ያለው ቤተሰብ አባት፣ እናት፣ ልጅና የሕፃን አልጋ ነው። እኛ ጋ ሪዞርት የሚሄደው ቤተሰብ አያት አለችው፣ ሞግዚት አለችው፣ አንዳንዴ ከአሜሪካ የመጣች አክስት ከነልጆቿ አለችው። ሕፃኑም ለብቻው አልጋ ላይ አይተኛም፤ ከእናቱ ጋር ነው የሚተኛው። ስለዚህ የምንጠይቀው «የሕፃን አልጋ» ሳይሆን «ሁለቱን አልጋ አገጣጥማችሁ አንዱን ጎን ግድግዳ አስጠጉልን» ነው። ይህ ምርጫ የትኛውም ፎርም ላይ የለም። «ጎን ለጎን» እና «የሚገናኝ» የሚሉትም ይምታታሉ። ሞግዚቷና አያቷ «ጎን ለጎን» ክፍል ሲሰጣቸው ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ አያት በነጠላ ተጀቡና በብርድ በውጭ በር ትዞራለች። እኛ የፈለግነው የውስጥ በር ነበር። የልጅን ዕድሜ ግን ይጠይቃሉ፣ በደንብ ይጠይቃሉ! ለዋጋ ነው። ግማሽ ይክፈል ወይስ ነፃ ይግባ ለማለት የሁለት ዓመት ልጅ መሆኑን ሲስተሙ ያውቃል፤ ክፍል ሲሰጥ ግን ይረሳዋል።

አጎበርም እንደዛው። ሀገራችን ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ወባማ ተብሎ ነው የሚታወቀው። ሐዋሳ 1,700 ገደማ ነው፣ ላንጋኖ ከዛም ዝቅ ይላል፣ አርባ ምንጭ ደግሞ በጣም ዝቅ ይላል። ወባ ክፉኛ የምትጎዳው ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ነው። ግን ትልቁ አልጋ ላይ አጎበር ይሰቀልና ተጨማሪ ተብሎ የሚገባው አልጋ፣ ልጁ የሚተኛበት፣ ባዶውን ይቀራል። ለምን ስትሉ «ልዩ ጥያቄ ስላልሞሉ» ነው መልሱ። የበረንዳው ብረትስ? ብዙ ሀገር የሚጠቀምበት ዓለም አቀፉ የሕንፃ ኮድ የበረንዳ መከላከያ ቁመት 107 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን፣ በብረቶቹ መካከልም 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ እንዳያልፍ ያዛል፤ የሕፃን አካል በዛ እንዳይሾልክ ነው። በሚቀጥለው ጉዟችሁ መዳፋችሁን በብረቶቹ መካከል ዘርግታችሁ እዩት።

ከፎርሙም በላይ የሚያስቸግረን ግን «እሺ» ነው። እሺ ይበልጣል ከሺ የሚለው ተረት ለሪዞርት አይሠራም። በስልክ የምንሰማው «እሺ» ተስማምቻለሁ ማለት ሳይሆን ሰምቻለሁ፣ ስልኩን እንዝጋ ማለት ነው። ሪሴፕሽኒስቷ ላይ አልፈርድም። ክፍል የምትደለድለው እሷ አይደለችም፣ «አንችልም» ብላ እንግዳ ብታስቀር ደግሞ ከማናጀሯ ጋር የምትጣላው እሷ ናት። እኛም ይሉኝታ አለብን፤ «ከተቻለ» እንላለን፣ «ካላስቸገርኳችሁ» እንላለን፣ «ችግር የለውም ባይሆንም» ብለን እንዘጋለን። ሰዎች! ባይሆን ችግር አለው እኮ። የልጃችንን ደኅንነት ራሳችን ወደ ምኞት አውርደን ከሰጠናቸው በኋላ እነሱ እንደ ምኞት ቢቆጥሩት ምን ይገርማል።

ሁሌ የምሰማው መልስ «ልጅሽን መያዝ ነዋ» ነው። እይዘዋለሁ። ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። ግን ሰው ይተኛል፣ ሽንት ቤት ይገባል፣ ሻወር ይወስዳል። አንድ ሰው ለ48 ሰዓት ዓይኑን ሳይጨፍን ይጠብቃል ብሎ የሚያቅድ ሲስተም እኛ ሙያ ውስጥ ቢቀርብ ስብሰባው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ውድቅ ነው። ሌላም አለ፤ «መያዝ ነዋ» የሚባለው ማን ነው? አባት ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እናት ናት። ሪዞርቱ ያልሠራው አጥር በእናት እንቅልፍ ይሠራል ማለት ነው።

ልጅ የለኝም የምትሉ አንባቢዎች፣ እናንተም አትሂዱ። ያቺ ሠልጣኝ ሐይቁን ያጣችው በዚሁ አሠራር ነው።

«እሺ፣ ዋስትና ካማረሽ ክፈይ» የሚለው ግን እየመጣ ያለ መልስ ስለሆነ ቆም ብዬ ልመልሰው። አየር መንገዶች ወንበር መምረጥን ለብቻው መሸጥ ከጀመሩ ቆዩ፤ ሆቴሎችም ዓይናቸው እዛ ላይ ነው። ለእይታ ክፍያ ጠይቁ፣ አልቃወምም። ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ለሚፈልግ ጨምራችሁ ሽጡለት፣ ይከፍላል። ሕፃን ከውሃ የሚርቅበትን ክፍል በተጨማሪ ዋጋ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ገንዳውን ሳታጥሩ ትታችሁ፣ ከገንዳው መራቅን ልትሸጡልኝ ነው? አደጋውን የሠራ ሰው መዳኛውን ሲቸበችብ ሌላ ስም አለው። ደግሞ እኮ የኋላ ክፍሎቹ ማንም የማይመርጣቸው፣ ቅናሽ የሚገባቸው ክፍሎች ናቸው!

እስከዛው ድረስ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ሕግ እስኪመጣ ወይ ሪዞርቶቹ አምድ እስኪጨምሩ ልጄ አይጠብቅም። መልእክቴ ውስጥ ሰላምታ ከመጨረሻ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ቃል ጉዳዩ ነው። «ብታደርጉልን» አልልም፤ አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ነው የምጠይቀው፦ በሩ ወደ ገንዳ ወይ ወደ ሐይቅ የማይከፈት ግራውንድ ላይ ያለ ክፍል አላችሁ? ለእነዚህ ቀናት ትይዙልኛላችሁ? በሩ ከላይ መቆለፊያ አለው? ለሁለቱም አልጋ አጎበር አለ? የክፍል ቁጥር አልጠይቅም፣ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ክፍል የሚደለድለው ማን እንደሆነ ጠይቄ ስሙን እይዛለሁ፣ በመግቢያዬ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ድልድሉ ሳይጀመር እደውልለታለሁ። በጽሑፍ «አዎ» ካላገኘሁ ቅድሚያ ክፍያ አልልክም፤ ስልክም «ክፍሉ እንዲህ ካልሆነ ብሩ ይመለሳል» የሚል መልስ ካስጻፍኩ በኋላ ነው። አውራ ጣት እንደ መልስ አልቀበልም። አንዳንዶች ይኮሳተራሉ። ይኮሳተሩ።

ለመጪው ረፍታችን ይህንኑ መልእክት ለሦስት ሪዞርቶች ላክሁት። አንደኛው በማግስቱ የክፍሎቹን ፎቶ፣ የበሩን መቆለፊያ ሳይቀር፣ አንስቶ ላከልኝና «የኋላው ረድፍ ላይ ይዘንልዎታል፣ ካልሆነ ሙሉ ብሩ ይመለሳል» ብሎ ጻፈ። እዛው አስይዣለሁ። ሁለተኛው «ይቅርታ፣ ክፍሎቻችን በሙሉ ወደ ገንዳው ነው የሚከፈቱት፣ ለትንሽ ልጅ አንመክርም» አለኝ፤ አመሰገንኩት፣ ልጄ ሲያድግ እሄድበታለሁ፣ ለጓደኞቼም ከወዲሁ ነግሬያቸዋለሁ። ሦስተኛው «እሺ የኔ እህት ችግር የለም» ካለኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። የትኛው ጥያቄ ነው እሺ የተባለው ብዬ መልሼ ጻፍኩለት። አይቶታል፣ ሁለት ሰማያዊ ምልክት አለ።